አውስትራሊያ የተወለደችው ጋሊፖሊ ላይ ነው? (ለዘገያችሁ፣ ክሩ እስካሁን)

ሰላም ወገኖች። ጥያቄውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ክሩ ረዘመ፤ መልሱ 20 ደረሰ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን እየጠየቀ ስለተቸገርን፣ ጥያቄዬን ደግሜ የመጡትን መልሶች በተርታ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

የመክፈቻው ጥያቄ

አውስትራሊያ አገር የሆነችው ያለ አንዲት ጥይት ነው ብዬ ጀመርኩ። (ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ መልስ 14 ላይ ዋጋዬን አገኝባታለሁ።) ስድስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተነጋገሩ፣ ድምፅ ሰጡ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1901 ተዋህደው ፌዴሬሽን ሆኑ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ወታደሮቿ ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ከመርከብ ወረዱ፣ ስምንት ወር ተዋጉ፣ ሳይሳካላቸው ወጡ። ብዙ አውስትራሊያውያን ግን አገራችን የተወለደችው ያን ቀን ነው ይላሉ። ኤፕሪል 25 በመጣ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ያስባሉ።

ይህ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ንጉሡ ለንደን፣ ዕቅዱ የለንደን፣ ውጤቱ ሽንፈት። ከዚህ ውስጥ ነፃነት በየት በኩል ይወጣል? ጦርነቱ ከእንግሊዝ ጋር ይበልጥ አሰራቸው እንጂ አልፈታቸውም የሚል ግምት ነበረኝ። ነበረኝ ያልኩት በከንቱ አይደለም።

መልስ 1

ጨዋ ሰው ነው፤ ከኔ ጋር ተስማማ። ኦገስት 1914 እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ አውስትራሊያ ለብቻዋ ያወጀችው ነገር እንደሌለ አስታወሰ። ንጉሡ ገባ ማለት እነሱም ገቡ ማለት ነው። ያኔ ደግሞ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ነበሩ። የተቃዋሚው መሪ አንድሩ ፊሸር እስከ መጨረሻው ሰውና እስከ መጨረሻዋ ሽልንግ እንረዳለን ብሎ ቃል ገባ፤ ሴፕቴምበር ላይም አሸነፈ። መንግሥትና ተቃዋሚ በአንድ ቃል ሲናገሩ፣ አይሆንም ማለት የሚፈልግ ሰው ማንን ይምረጥ ብሎ ጠይቆ ወጣ።

መልስ 2

ይኸኛው የቁጥር ሰው ነው። የሕዝቡ ብዛት 5 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። የተመዘገበው ወታደር 416,809፤ ከ18 እስከ 44 ዓመት ካሉት ወንዶች ከመቶ ወደ 39 የሚጠጋ። ሁሉም ወዶ ዘማች ነው፣ ተገዶ የሄደ የለም። ከ60,000 በላይ ሞቱ። 156,000 ደግሞ ቆሰሉ፣ በጋዝ ተጎዱ ወይም ተማረኩ። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ትንሽ አገር ላይ ሲወድቅ ያልነካው ቤት አይኖርም ነው የሰውዬው ነጥብ። ከዚያ በላይ አላለም። ቁጥሩ ይበቃል።

መልስ 3፣ 4 እና 5

እዚህ ጋ ትንሽ ተበጣበጥን። መልስ 3 የጋሊፖሊው ዘመቻ ሚያዝያ 17 ቀን 1907 እንደተጀመረ ጻፈ። መልስ 4 ተነስቶ አናቱ ላይ ወጣበት። ታሪክ የማያውቅ ሰው ዝም ቢል ምን አለበት፣ በ1907 ጦርነቱ ራሱ የት ነበር አለው። መልስ 5 አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በአነጋገራቸው ያስታውቃል። ልጄ፣ እሱ በኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው፣ ቀኑም ልክ ነው ብለው አበረዱት። መልስ 4 ይቅርታ አልጠየቀም፣ እስካሁንም እየጠበቅን ነው። ለማንኛውም ከዚህ ከ1907 በቀር በዚህ ክር ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልስ 6

ስለ ጋሊፖሊ ራሱ የመጣው ጥሩ መልስ ይህ ነው። ዓላማው የዳርዳኔልስን የባሕር ወሽመጥ ከፍቶ ኢስታንቡል መድረስ፣ የኦቶማንን መንግሥት ከጦርነቱ ማስወጣትና ወደ ሩሲያ መንገድ ማግኘት ነበር። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር፣ ባጭሩ አንዛክ የሚባለው፣ ጠባብ ዳርቻ ላይ ወረደ። ከላይ ገደል፣ ከገደሉ በላይ ቱርኮች። እዚያው ተጣብቀው ከረሙ።

ሰውዬው ከሁሉ የተሳካው መውጣቱ ነበር ይላል። ዲሴምበር ላይ ሌሊት ሌሊት እየሾለኩ ሲወጡ፣ የመጨረሻዎቹ ጠመንጃዎቻቸውን ምሽጉ ላይ ጥለው ሄዱ። ከላይኛው ቆርቆሮ ውሃ ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። የታችኛው ሲሞላ ይከብድና ምላጩን ይስባል። ሰው የሌለበት ምሽግ ይተኩሳል። ቱርኮቹ አሁንም እዚያው ያሉ መሰላቸው።

ከዚያ ሁላችንም የምንሳሳትበትን አነሳ። እዚያ ያለቁት አንዛኮች ብቻ አይደሉም። የአውስትራሊያ ሟቾች ከ8,000 በላይ ሲሆኑ የእንግሊዝ ከ20,000 በላይ ናቸው። ፈረንሳዮችም ብዙ ሺህ ሰው አጥተዋል። የኦቶማን ጦር ደግሞ ከ80,000 በላይ። ሙስጠፋ ከማል ስሙን የተከለው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው፤ በ1923 የቱርክ ሪፐብሊክን አቆመ። አንዱ አሸንፎ፣ ሌላው ተሸንፎ፣ ሁለቱም ልደታችን እዚህ ነው የሚሉት አንድ ቦታ! እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

መልስ 7

ይህ ደግሞ ቁጣ ይዞ መጣ። ስለ ጋሊፖሊ ብቻ ማውራት አጉል ልማድ ነው ባይ ነው። ትልቁ እልቂት ፈረንሳይ ውስጥ ነበር። ጁላይ 19 ቀን 1916 ፍሮሜል ላይ በአንድ ሌሊት 5,533 አውስትራሊያውያን ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። ቀጥሎ ፖዚየርና አካባቢው፤ ስድስት ሳምንት ገደማ፣ 23,000 ሰው። ስለዚህ ስለ ልደት የምታወሩ ሰዎች ካርታችሁን አስተካክሉ አለ። ነጥቡ ልክ ነው፤ አፉ ግን ይሻክራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጋሊፖሊ የበኩር ልጅ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው መርዶ እንደ ሌላው መርዶ አይደለም።

መልስ 8

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ይህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ጸሐፊዋ የሕግ ተማሪ ትመስለኛለች። ልደቱን ከፈለጋችሁ ጦር ሜዳ ላይ ሳይሆን ምርጫ ጣቢያ ፈልጉት አለች።

በ1916 ወዶ ዘማቹ እያነሰ፣ ሟቹ እየበዛ ሄደ። የፊሸር ተተኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሊ ሂዩዝ ወጣቶችን በግዴታ ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ ፈለገ። ሕጉ የሚፈቅድለት አገር ውስጥ ለመከላከል ብቻ ነበር። ምክር ቤቱን ማሳመን ሲያቅተው ሕዝቡን ጠየቀ። ኦክቶበር 28 ቀን 1916 ድምፅ ተሰጠ፤ እሺ 1,087,557፣ እምቢ 1,160,033። ልዩነቱ 73,000 እንኳ አይሞላም። የሂዩዝ የገዛ ፓርቲ፣ ሌበር፣ ለሁለት ተሰነጠቀ። እሱም ተከታዮቹን ይዞ ወጣና ከትናንት ተቃዋሚዎቹ ጋር አዲስ ፓርቲ መሠረተ። ዲሴምበር 20 ቀን 1917 ደግሞ ጠየቀ። እምቢታው ጨመረ፤ ልዩነቱ ከ166,000 በላይ ሆነ።

ልብ በሉ፣ ይህ በጦርነት መሃል ነው። እንግሊዝ፣ ኒውዚላንድና ካናዳ ሁሉም የግዴታ ውትድርና አውጀዋል። እነዚህ ግን ልጆቻቸው ፈረንሳይ ጭቃ ውስጥ እያለቁ፣ የሚሄድ ይሂድ፣ በግድ አንሰጥም አሉ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። እሷ ነፃነት ማለት ይህ ነው አለች። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ።

መልስ 9

መልስ 8ን ተከትሎ የመጣ ጨዋታ ነው፤ እውነት ግን ነው። ኖቬምበር 1917 ሂዩዝ ለሁለተኛው ድምፅ እየቀሰቀሰ ኩዊንስላንድ ውስጥ ዋሪክ የምትባል ከተማ ባቡር ጣቢያ ደረሰ። አንዱ እንቁላል ወረወረና ባርኔጣውን አወለቀው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሰሩት ብሎ ጮኸ። የኩዊንስላንዱ ፖሊስ ግን እኔ የምታዘዘው የክፍለ ግዛቴን ሕግ ነው ብሎ ፍንክች አላለም። የክፍለ ግዛቱ መሪም የግዴታ ውትድርናን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። ሂዩዝ እርር ድብን ብሎ በሳምንታት ውስጥ የፌዴራል ፖሊስ አቋቋመ። የፌዴራል ፖሊሳቸው ታሪክ የሚጀምረው ከእንቁላል ነው!

መልስ 10

መልስ 8ን ያረመ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ ግን ጠንከር አድርጎ። እምቢታውን የነፃነት ጥያቄ ብቻ ማድረግ ማስዋብ ነው አለ። ገበሬው ያለ ልጆቹ አዝመራውን ማን ይሰብስብልኝ ብሎ እምቢ አለ። ሠራተኛው የጦርነቱ ኑሮ ውድነት አንገፍግፎት፣ ሀብታሙስ ሀብቱን በግዴታ ሰጠ ወይ ብሎ እምቢ አለ። ከዚህ የከፋም ነበረ። ነጮቹ ሲዘምቱ ርካሽ ጉልበት ከውጭ ይመጣብናል የሚል ፍርሃት ተነዝቶ ነበር። በ1916ቱ ድምፅ ሰሞን ከማልታ ሠራተኞች የጫነች አንዲት መርከብ ትልቅ ሁከት አስነሳች። ስለዚህ እምቢ ካለው ውስጥ የስንቱ ለነፃነት፣ የስንቱ ለዘረኝነት እንደሆነ ማን ይለየው? መልስ 8 አመስግናው፣ ነጥቡን ተቀብላለች። እኔ ነቅንቄው የነበረውን አንገቴን ትንሽ አቆምኩት።

መልስ 11

የሜልቦርኑን የካቶሊክ ጳጳስ ዳንኤል ማኒክስን አነሳ። ሰውዬው አየርላንድ ተወላጅ ናቸው። ኤፕሪል 1916 ደብሊን ውስጥ አመፅ ተነስቶ እንግሊዝ መሪዎቹን ረሸነች። አውስትራሊያ ውስጥ ያለው የአየርላንድ ዘር ሁሉ ቆሰለ። ማኒክስ አደባባይ ወጥተው የግዴታ ውትድርናን ተቃወሙ፤ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ ተቃቃረ። ቂሙ ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመት አልበረደም። ጦርነቱ አገሪቱን አንድ አደረገ ለሚሉ ሁሉ ጥሩ መልስ ነው። ከሱ ሥር የተጻፉትን ሰባት የሃይማኖት ስድቦች አድሚኑ አጥፍቷቸዋል፤ እጁ ይባረክ።

መልስ 12

ወታደር የነበረ ሰው መሰለኝ፤ አጻጻፉ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። የእንግሊዝ ጦር በዚያ ጦርነት ከ300 በላይ የራሱን ወታደሮች ረሽኗል፤ አብዛኞቹን በመክዳት። የካናዳና የኒውዚላንድ ወታደሮችም ከነዚህ መሃል አሉ። የአውስትራሊያ ጦር ወታደር ግን አንድም የለም። በአውስትራሊያ ሕግ የሞት ፍርድ ከመፈጸሙ በፊት የአገሪቱ ጠቅላይ ገዥ ማጽደቅ ነበረበት። ከ100 በላይ ሰው ሞት ተፈረደበት፤ አንዱም አልተረሸነም። የእንግሊዝ አዛዦች ሥርዓት አስከብሩ እያሉ ደጋግመው ወተወቱ። መንግሥት አልሰማቸውም። ሂዩዝ ራሱ፣ ያ ሁሉ ለእንግሊዝ የሚንገበገበው፣ ይህን አልደፈረም። ወዶ የመጣን ልጅ ረሽኖ ሌላ ወዶ ዘማች ከየት ያገኛል?

ከሁለቱ ድምፆች ጋር ስደምረው ሦስተኛ እምቢታ ሆነልኝ። የነፃነትን ነገር ከፈለጋችሁ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ እዚህች አንቀጽ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

መልስ 13

ቬርሳይ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተፈረመው የሰላም ውል። በ1919 ሂዩዝ ለጉባኤው ፓሪስ ሄደ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን የትንሽ አገር ሰው አድርጎ ሲያየው፣ እኔ የምናገረው ስለ 60,000 ሙታን ነው አለው ይባላል። አውስትራሊያ የሰላም ውሉን በራሷ ስም ፈረመች፤ የመንግሥታቱ ማኅበርም መሥራች አባል ሆነች። ጸሐፊው እዚህ ቢያቆም ኖሮ ሁላችንም ባጨበጨብን። አላቆመም። ያንን ድምፅ ለምን ተጠቀመችበት ብሎ ጠየቀ። ጃፓን የዘር እኩልነት በማኅበሩ ቃል ኪዳን ይግባ ስትል፣ ከሁሉ በላይ ተንገብግቦ የተቃወመው ሂዩዝ ነው። ነጭ ብቻ የሚገባባት አገር የሚለው ፖሊሲ እንዳይነካበት። ለጃፓን ሐሳብ ከ17 ድምፅ 11 ቢገኝም፣ ሰብሳቢው ዊልሰን ሁሉም ካልተስማማ አይሆንም ብሎ ጣለው። በዚያው ጉባኤ አውስትራሊያ ከጀርመን የያዘችውን ኒውጊኒን በሞግዚትነት ይዛ ተመለሰች። የትናንት ቅኝ ግዛት የራሷን ቅኝ ግዛት አገኘች። ፓፑዋ ኒውጊኒ ነፃ የወጣችው በ1975 ነው።

መልስ 4 ይህን ሰው ነገር ሁሉ ዘር ነው የሚልህ ብሎ ሰደበው። አልተመለሰለትም። ጥሩ ነው።

መልስ 14

ይኸኛው ለኔ ነው። ያለ አንዲት ጥይት የሚለውን ቃሌን ይዛ፣ የነባሩን ሕዝብ ደም የት ጣልከው አለችኝ። ልክ ናት። ፌዴሬሽኑ በድምፅ ይመሥረት እንጂ መሬቱ የተያዘው በጠመንጃ ነው። ቃሌን አንስቻለሁ።

ቀጠለች። ሕጉ ከአውሮፓ ዘር ያልሆነን ሰው ከውትድርና ያገል ነበር። ያም ሆኖ ከ1,000 በላይ ነባር ተወላጆች እንደምንም ገብተው ዘመቱ። ምሽግ ውስጥ እኩል ደመወዝ አገኙ፣ እኩል ቆሰሉ። ሲመለሱ ግን ለዘማች የሚታደለው የእርሻ መሬት በጣም ለጥቂቱ ካልሆነ አልደረሳቸውም። በሕዝብ ቆጠራ እንዳይካተቱ የሚያደርገው የሕገ መንግሥት አንቀጽ የተሰረዘው በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ጦርነቱ አገር ወለደ ስትሉ፣ ለማን እንደሆነ ጨምሩበት ብላ ጨረሰች። መልስ የሰጣት የለም፤ እኔም ብሆን ምን እላለሁ።

መልስ 15

እኚያው ትልቅ ሰው ተመለሱ፤ ስለ ሕጉ። በ1931 የለንደን ፓርላማ የዌስትሚንስተር ድንጋጌን አውጥቶ እንደ አውስትራሊያ ያሉ በንጉሡ ሥር ያሉ አገሮች ሕግ በማውጣት ከእንግሊዝ እኩል ይሁኑ አለ። አውስትራሊያ ግን አልተቀበለችውም፤ 11 ዓመት ጠረጴዛ ላይ ተወችው። ልክ አባቱ ድርሻህን ውሰድ ሲለው፣ ግድ የለም አንተው ጋ ይቀመጥ እንደሚል ልጅ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዚስ በሬዲዮ ቀርቦ እንግሊዝ ስለገባች እኛም ገብተናል አለ። ያው የ1914ቱ ነገር። ጃፓን ስትመጣ ነው የነቁት። ዲሴምበር 1941 የጆን ከርቲን መንግሥት በራሱ አወጀ፤ ኦክቶበር 1942 ያንን ድንጋጌ አጸደቀ። የመጨረሻው ክር፣ ለንደን ድረስ የሚሄደው ይግባኝ፣ የተቆረጠው በ1986 ነው። እንደ እሳቸው አባባል ነፃነታቸው ልደት የለውም፤ ጥርስ እንደመብቀል ነው፣ አንድ አንድ እያለ።

መልስ 16

ከርዕስ ወጣን። በጦርነቱ ጊዜ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ቀጥሎም ሲድኒና ሜልቦርን ያሉባቸው ክፍለ ግዛቶች መጠጥ ቤት ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዲዘጋ ደነገጉ። ለቁጠባና ለሥርዓት ነው ተባለ። ሠራተኛው 11 ሰዓት ከሥራ ይወጣል፤ በቀረችው አንድ ሰዓት የማታውን ሁሉ ይገለብጣል። የጦርነት ጊዜ ሕግ የተባለው ሲድኒ ላይ እስከ 1955፣ ሜልቦርን ላይ እስከ 1966 ቆየ። አንዱ ቀጠለና የፌዴራሉ የገቢ ግብርም በ1915 ለጦርነቱ ተብሎ መጀመሩን ጨመረ። ጦርነቱ ሄደ፣ ግብሩ ቀረ። እዚህ ላይ የተሳሳቅነውን አልቆጥረውም።

መልስ 17

ስለ ዓድዋ ነው። በጠራ ድል የተገኘ ነፃነት እያለን ስለ ሽንፈት ምን ያስጨንቀናል ይላል። ሌላ ክር ይከፈት ተባለ፤ ተከፍቷል። ሞልቶ ፈሷል፤ እዚያ ሂዱ።

መልስ 18

አጭር ናት ግን አልረሳኋትም። በጦርነቱ 136,000 ገደማ ፈረሶች ከአውስትራሊያ ወደ ባሕር ማዶ ተጫኑ። ከጦር ሜዳ ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፣ ሳንዲ ይባላል። የጄኔራል ዊሊያም ብሪጅስ ፈረስ ነበር። ጄኔራሉ ሜይ 1915 ጋሊፖሊ ላይ ቆስለው ሞቱ። ከ60,000 ሟች ውስጥ በዚያ ዘመን አስከሬኑ አገሩ የገባው የሳቸው ብቻ ነው፤ ካንቤራ፣ ደንትሩን ተቀበሩ። አንድ ጄኔራል፣ አንድ ፈረስ። ሌላው ሁሉ በወደቀበት ቀረ። ስሙ ያልታወቀ አንድ ወታደር አጽሙ ከፈረንሳይ የመጣው በ1993 ነው።

መልስ 19

ከመልስ 18 የቀጠለ ነው። አስከሬን ስላልመጣ እናት የምታለቅስበት መቃብር አልነበራትም። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቀዋለን። ስለዚህ በየመንደሩ ሐውልት ቆመ፤ ሐውልቱ መቃብር ሆነ። ብዙዎቹ ሐውልቶች ላይ ግን የተቀረጸው የሞተው ስም ብቻ አይደለም። ሄዶ የተመለሰውም ስም አለበት። ሁሉም ወዶ ዘማች ስለነበር መሄዱ ራሱ ይቆጠርለታል። ነገሩ ከበድ የሚለው ሲገለብጡት ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ ድንጋዩ ላይ ስሙ የሌለው ማን እንደሆነም ይታወቃል። በጦርነቱ ጊዜ ላልዘመተ ወንድ ነጭ ላባ እየሰጡ ፈሪ ብለው የሚያሳፍሩ ነበሩ። ላባው ይጣላል፤ ድንጋዩ ግን መሃል አደባባይ ቆሟል።

መልስ 20

የ1907ቱ ሰው ተመልሶ መጣ። ቂም አልያዘም። ለመልስ 8 እና ለመልስ 19 አንድ ጥያቄ አለው። በ1916 እምቢ ብሎ ድምፅ የሰጠው፣ ስሙም ድንጋዩ ላይ የሌለው ሰው፣ በዚያ አደባባይ በየቀኑ እንዴት አለፈ? ልጆቹስ ኤፕሪል 25 ጠዋት የት ይቆሙ ነበር? እስካሁን የመለሰለት የለም። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉ። እሱ ደግሞ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጦታል።